የከተማ ዞኒንግ፣ የመሬት አጠቃቀምና የመልሶ ማልማት ገንዘብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የከተማ ፕላን በካርታ ላይ የተቀባ ቀለም ይመስላል። ቀለሙ ሲቀየር ግን የመሬት ዋጋ ከአንዱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። አንዱ በአንድ ሌሊት ፎቅ የመሥራት መብት ያገኛል፤ ሌላው ለልጆቹ ያሰበው ቦታ አረንጓዴ ተቀብቶ ያድራል። ሕጉ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከታች ያሉት መልሶች የአንድ አገር ሕግ ማብራሪያ አይደሉም፤ በተለያዩ አገሮች ፍርድ ቤት የደረሱ ክርክሮችን እያነሱ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዞኒንግ ምንድን ነው? ከማስተር ፕላን በምን ይለያል?

ማስተር ፕላን ከተማዋ በሚቀጥሉት ዓመታት ወዴት ማደግ እንደምትፈልግ የሚናገር ሰነድ ነው። ዞኒንግ ደግሞ ያንን ፍላጎት ወደ አስገዳጅ ደንብ ይለውጠዋል፦ በዚህ ቀጠና መኖሪያ ቤት ብቻ፣ በዚያኛው ንግድ፣ ከፍታው ከዚህ አይለፍ፣ ከድንበር ይህን ያህል ሜትር ይተው፣ ጠቅላላ የወለል ስፋቱ ከቦታው ስፋት ከዚህ እጥፍ አይብለጥ ይላል። የግንባታ ፈቃድ የሚከለከለው ብዙውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ምክንያት ነው። ስለዚህ የፕላኑን ካርታ ብቻ አይቶ ቦታ መግዛት አደገኛ ነው፤ የቀጠናውን ደንብ ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁሉም አገር በዚህ መንገድ አይሄድም። በእንግሊዝ ከ1947ቱ የከተማና ገጠር ፕላን ሕግ ጀምሮ እያንዳንዱ ማመልከቻ ከፕላኑ ጋር እየተገናዘበ በተናጠል ይወሰናል፤ ፕላኑ ስለፈቀደ ብቻ ፈቃድ በራሱ አይገኝም። የአሜሪካዋ ሂዩስተን ደግሞ በአጠቃቀም የሚከፋፍል ዞኒንግ የላትም። እዚያ ግን በባለቤትነት ሰነድ ላይ የተጻፉ የግል ገደቦች አሉ፣ ከተማዋ ራሷም ታስከብራቸዋለች። «ዞኒንግ የለም» ሲባል «ገደብ የለም» ማለት አለመሆኑን ልብ ይሏል።

መሬቱ የእኔ ከሆነ፣ ምን እንደምሠራበት መንግሥት የመወሰን ሥልጣን ከየት አመጣ?

ሁለት ዓይነት መልስ አለ። በአሜሪካ የተሰጠው መልስ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ከመጠበቅ ሥልጣን ይነሳል። በ1915 ኒው ዮርክ ላይ የተጠናቀቀው ኢኩዊታብል ሕንፃ 38 ፎቅ ነበረው፤ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጎረቤቶቹን ፀሐይ ነሣቸው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1916፣ ከተማዋ አጠቃላይ የዞኒንግ ደንብ አወጣች። ነገሩ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰው በ1926 ነው። አምብለር የተባለ የሪል እስቴት ኩባንያ ኦሃዮ ግዛት ዩክሊድ በምትባል መንደር 68 ኤከር፣ ማለትም ወደ 28 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ነበረው። ለኢንዱስትሪ ያሰበው መሬት በከፊል ለመኖሪያ ሲመደብ ዋጋዬ ወደቀ ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ደንቡ በዘፈቀደ የወጣ እስካልሆነና ከሕዝብ ጤና፣ ደኅንነትና ደኅና ኑሮ ጋር ግንኙነት እስካለው ድረስ ይጸናል ብሎ ወሰነ።

የእንግሊዝ መልስ ሥር ነቀል ነበር። የ1947ቱ ሕግ መሬትን የማልማት መብት ራሱን ከባለቤቱ ነጥሎ ወደ መንግሥት አዛወረ። ባለቤቱ አሁን ባለው አጠቃቀም የመቀጠል መብት ብቻ ቀረለት። ዛሬም አዲስ ግንባታ ወይም የአጠቃቀም ለውጥ ሲያስብ ፈቃድ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት የመንግሥት ወይም የሕዝብ በሆነባቸው አገሮች ደግሞ የባለይዞታው መብት የሚነሳው ከሊዝ ውል ወይም ከይዞታ ማረጋገጫ ስለሆነ ፕላኑም ውሉም በአንድ ላይ ያስሩታል፤ ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ፕላኑ ሲለወጥ ንብረቴ ዋጋ ቢያጣ ካሳ ይገባኛል?

ብዙ ሰው «አዎ» የሚል መልስ ይጠብቃል። እውነቱ ግን ዋጋ በመውረዱ ብቻ ካሳ እምብዛም አይገኝም። ጥያቄው ገደቡ ምን ያህል ርቆ ሄደ የሚለው ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 አንድ ደንብ ከልክ በላይ ከሄደ ንብረት እንደመውሰድ ይቆጠራል አለ። ልኩ የት እንደሆነ ግን አልተናገረም። በ1978 በተወሰነው ጉዳይ ደግሞ የኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ባለቤቶች ከጣቢያው በላይ ከ50 ፎቅ የሚበልጥ ሕንፃ ለመሥራት ጠይቀው ነበር። ጣቢያው በቅርስነት ተመዝግቦ ስለነበር ተከለከሉ። ካሳም አላገኙም። ጣቢያው እንደቀድሞው ገቢ ማስገኘቱን ቀጥሏል፣ ያልተጠቀሙበትን የግንባታ መብትም አቅራቢያ ወዳሉ ቦታዎች ማዛወር ይችሉ ነበር። ፍርድ ቤቱ የመዘናቸው ነገሮች የኢኮኖሚ ጉዳቱ መጠን፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ሲያፈስ ምን ሊጠብቅ ይገባው እንደነበርና የመንግሥት ድርጊት ጠባይ ናቸው። እነዚህ ሚዛኖች እስካሁን ይሠራሉ።

በሌላው ጫፍ የ1992ቱ ጉዳይ አለ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ሰው በ1986 ሁለት የባሕር ዳር ቦታዎችን በ975,000 ዶላር ገዛ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሕግ በቦታዎቹ ላይ ቋሚ ቤት እንዳይሠራ ከለከለው። ፍርድ ቤቱ ደንቡ መሬቱን ማንኛውንም የኢኮኖሚ ጥቅም የሚያሳጣ ከሆነ፣ ክልከላው ከመጀመሪያውም በንብረት ሕግ ውስጥ የነበረ ካልሆነ በቀር፣ ካሳ ያስከፍላል አለ።

ለብዙ ሰው የበለጠ የሚቀርበው ሦስተኛ ዓይነት ጉዳት ነው፤ መሬቱ አይወሰድም፣ ፈቃድም አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ታስሮ ይቆያል። ስቶክሆልም ውስጥ የነበሩ ሁለት ንብረቶች ላይ «ወደፊት እንወስዳለን» የሚል የማስለቀቂያ ፈቃድ ወጥቶባቸው ነበር። ግንባታ ክልክል ሆኖ በአንደኛው ላይ 25 ዓመት፣ በሌላው ላይ 12 ዓመት ቆየ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1982 ስዊድን በሕዝብ ጥቅምና በግለሰብ መብት መካከል ሊኖር የሚገባውን ሚዛን አፍርሳለች ብሎ ወሰነ። ይህን ፍርድ አጥብቄ የማነሣው በምክንያት ነው። «ቦታው ለልማት ተይዟል» ተብሎ ቤታቸውን መጠገን፣ መሸጥም ሆነ ማስያዝ የማይችሉ ሰዎች ጉዳት በወረቀት ላይ አይታይም፤ ዕድሜ የሚበላ ጉዳት ግን ነው። እገዳ ሲጣል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «እስከ መቼ?» የሚለው ነው።

ከአዲሱ ደንብ በፊት የነበረ ሱቄ ወይም ቤቴ ምን ይሆናል?

በአብዛኛው ይቀጥላል። በሕጋዊ መንገድ የተጀመረ ነባር አጠቃቀም ደንቡ ስለተቀየረ ብቻ ወዲያው አይፈርስም። ግን መብቱ ስስ ነው፦ ማስፋፋት አይቻልም፣ ለተወሰነ ጊዜ ከተዘጋ ሊቀር ይችላል፣ በእሳት ወይም በአደጋ ከወደመም በነበረበት መልክ እንደገና መሥራት ሊከለከል ይችላል። ሱቁን «ለጊዜው» ዘግቶ ለመሄድ ያሰበ ሰው የመዘጋት ገደቡ ስንት ወር እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ነባርነቱን የማስረዳት ሸክም ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ላይ ስለሆነ የድሮ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝና የመብራት ሒሳብ አይጣሉ።

ለእኔ ቦታ ብቻ ደንቡ እንዲላላ ማድረግ ይቻላል?

ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሰዎች ያደባልቋቸዋል። አንደኛው ልዩ ሁኔታ መጠየቅ ነው፦ የቦታው ቅርጽ፣ ተዳፋትነት ወይም ጥበት ደንቡን መከተል ከሌላው ሰው ይልቅ በእርስዎ ላይ ያከበደው እንደሆነ፣ ከድንበር የሚተወው ርቀት ይቀነስልኝ ማለት። «የበለጠ ትርፍ አገኛለሁ» በቂ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው የቀጠናውን ምድብ ራሱን ማስቀየር ሲሆን ሥልጣኑ ደንብ ለሚያወጣው ምክር ቤት ነው። አንዲትን ቦታ ብቻ ከአካባቢው ነጥሎ፣ ከፕላኑ ጋር ሳይጣጣም፣ ለአንድ ባለቤት ጥቅም መቀየር በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላል። ጎረቤቶች በዚህ ላይ የመቃወም መብት አላቸው፤ ጎረቤት ከሆኑ ይጠቀሙበት።

ፈቃድ ለማግኘት መሬት ወይም ገንዘብ ስጥ ብባልስ?

ይህ ሕጋዊም ሕገወጥም ሊሆን ይችላል። አዲስ ሕንፃ ትራፊክ፣ ፍሳሽና ተማሪ ያመጣል፤ ወጪውን አልሚው ቢጋራ ተገቢ ነው። የእንግሊዝ የ1990 ሕግ አንቀጽ 106 አልሚዎች በውል ለአቅመ ደካሞች የሚሆኑ ቤቶችን ወይም መሠረተ ልማትን እንዲሰጡ የሚያስችለው በዚህ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚነሣው የሚጠየቀው ነገር ሕንፃው ከሚያመጣው ጫና ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 በወሰነው ጉዳይ፣ የካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ኮሚሽን አሮጌ ቤታቸውን አፍርሰው በትልቅ ቤት ሊተኩ የጠየቁ ባለቤቶች ሕዝብ በባሕር ዳር መሬታቸው እንዲያልፍ እንዲፈቅዱ ጠይቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ የቤቱ ግንባታና የሚጠየቀው መተላለፊያ አይገናኙም ብሎ ሻረው። በ1994 በተወሰነው ጉዳይ ኦሪገን ውስጥ የሕንፃ ዕቃ መደብሯን ለማስፋፋት የጠየቀች ሴት ለጎርፍ መውረጃና ለብስክሌት መንገድ መሬት እንድትሰጥ ታዘዘች። ፍርድ ቤቱ የሚጠየቀው ነገር ከጫናው ጋር በመጠን መመጣጠኑን ማሳየት ያለበት ከተማው ነው አለ። በ2024 ደግሞ ለአንዲት ተገጣጣሚ መኖሪያ ቤት 23,420 ዶላር የትራፊክ ክፍያ የተጠየቀ ሰው ጉዳይ ቀረበ። ክፍያው በአጠቃላይ ደንብ ስለተጣለ ብቻ ከዚህ ምርመራ እንደማያመልጥ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ክፍያ ሲጠየቁ «ስሌቱን በጽሑፍ ስጡኝ» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዞኒንግ ሰዎችን ለማግለል ጥቅም ላይ ውሏል?

ውሏል፣ በግልጽም በስውርም። ሉዊቪል የተባለችው የአሜሪካ ከተማ ጥቁሮችና ነጮች በየትኛው ሰፈር መኖር እንዳለባቸው በደንብ ወስና ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ሻረው። ከዚያ በኋላ የቀለም ስም ሳይጠራ ተመሳሳይ ውጤት የሚያመጡ ደንቦች መጡ፦ ቦታ ከዚህ ያነሰ ስፋት እንዳይኖረው፣ አፓርታማ እንዳይሠራ፣ አንድ ቤት ለአንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲሆን። ከላይ ያነሣነው የ1926ቱ ፍርድ ራሱ በነጠላ ቤቶች ሰፈር የሚገባን አፓርታማ እንደ ጥገኛ ተባይ ገልጾታል። ያ ቃል ለአሥርት ዓመታት ድሆችን ከጥሩ ትምህርት ቤትና ከሥራ አርቋል ብዬ አምናለሁ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 እያንዳንዱ ታዳጊ ማዘጋጃ ቤት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆን ቤት በአካባቢው ፍላጎት ልክ እንዲገነባ ዕድል መስጠት አለበት ሲል የወሰነው ይህን ለማረም ነበር። በ2016 የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ባጸደቀችው ፕላን በሰፊው የመኖሪያ ክልሏ ላይ ተጨማሪ ቤቶች በአንድ ቦታ እንዲሠሩ ፈቅዳለች።

«ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ የሚለቀቅ ቦታ ለግል ባለሀብት ሊሰጥ ይችላል?

በብዙ አገሮች ይችላል፤ ብዙ ቁጣም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ዋሽንግተን ከተማ ያረጀ ሰፈርን በሙሉ ለማደስ ማፍረስ እንደምትችል ወሰነ፤ በመካከሉ ምንም ጉድለት ያልነበረበት የንግድ መደብርም አብሮ ሄደ። በ2005 ነገሩ አንድ እርምጃ ሄደ። የኮነቲከቷ ኒው ለንደን ነዋሪዎችን አስነሥታ ቦታውን ለልማት ለመስጠት ወሰነች፤ አቅራቢያው ላይ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ የምርምር ማዕከል ከፍቶ ነበር። ሰፈሩ የተጎሳቆለ ነው እንኳ አልተባለም፤ ምክንያቱ ሥራና የግብር ገቢ ማሳደግ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ይህም የሕዝብ ጥቅም ነው አለ። ቤቶቹ ተነሡ፤ የታሰበው ልማት ግን አልመጣም፣ ኩባንያውም በ2009 ከከተማዋ እንደሚወጣ አስታወቀ፣ ቦታው ለብዙ ዓመታት ባዶ ሆኖ ሣር በቀለበት። ከፍርዱ በኋላ ከ40 በላይ ግዛቶች ሕጋቸውን በተለያየ ደረጃ አጠበቁ።

የሕንድ የ2013ቱ የመሬት ማስለቀቂያ ሕግ ሌላ ዓይነት አጥር ሠራ፦ መሬቱ ለግል ኩባንያ ከሆነ ከሚነኩት ቤተሰቦች 80 በመቶው፣ በመንግሥትና በግል ሽርክና ከሆነ 70 በመቶው ሊስማሙ ይገባል፤ የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናትም አስቀድሞ ይደረጋል። እኔ ከፍርድ ቤት ሚዛን ይልቅ የሰዎችን ስምምነት የሚጠይቀውን አጥር እመርጣለሁ። «ጥቅሙ ለሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ራሱ የሚፈተነው የሚነኩት ሰዎች አምነውበት እንደሆነ ሲጠየቁ ነው።

ተከራይ ነኝ፤ ወይም ሰነድ የለኝም። ምንም መብት የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በቦምቤይ የእግረኛ መንገድ ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲወስን በሕይወት የመኖር መብት መተዳደሪያ የማግኘት መብትን ይጨምራል አለ። በመጨረሻ መነሣታቸውን ግን አልከለከለም፤ ቢሆንም ያለ ፍትሐዊ ሥርዓት ማስነሣት እንደማይቻል አረጋገጠ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2008 ጆሃንስበርግ ለኑሮ አደገኛ ናቸው ካለቻቸው ሕንፃዎች ከ400 በላይ ሰዎችን ልታስወጣ ስትል ከሰዎቹ ጋር ከልብ ተወያይታ እንደሆነ ጠየቀ። ውይይቱ ይስሙላ ከሆነ ለማስወጣት የቀረበው ጥያቄ ራሱ ይዳከማል። ሰነድ የሌለው ሰው በዚህ መሠረት የሚጠይቀው የመሬት ዋጋ ባይሆንም፣ አስቀድሞ ማስታወቂያ፣ ምትክ መጠለያና የመደመጥ ዕድል ሊሆን ይችላል።

ካሳ ሲሰላ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ዋጋ ነው። ሁለት ነገር ግን ዋጋውን ያንቀሳቅሳል። አንዱ የግምቱ ቀን ነው፤ ግምቱ የዛሬ ሦስት ዓመት ተሠርቶ ክፍያው ዛሬ ከሆነ የዋጋ ግሽበት ካሳውን በልቶታል። ሌላው የፕሮጀክቱ ተጽዕኖ ነው። በ1947 ከትሪኒዳድ የመጣ አንድ ጉዳይ የሰየመው መርህ አለ፦ በሚካሄደው ፕሮጀክት ምክንያት የመጣ የዋጋ ጭማሪ ካሳ ውስጥ አይገባም። በዚያው ሚዛን ሰፈሩ «ሊፈርስ ነው» ተብሎ ስለተወራ የወረደው ዋጋም ሊቆጠርብዎ አይገባም። ይህን ሁለተኛውን ባለጉዳዮች ይረሱታል። የንግድ ደንበኛ ማጣት፣ የማጓጓዣ ወጪና ቀሪው ቦታ መጎዳቱ በካሳ ውስጥ መግባት አለመግባታቸው ከአገር አገር ስለሚለያይ በጽሑፍ መጠየቅ አለባቸው።

ለመልሶ ማልማት የሚወጣው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

በጣም የተለመደው ሥልት ወደፊት የሚጨምረውን ግብር ዛሬ መበደር ነው። አሠራሩ በቁጥር ቢታይ ይቀላል። አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ንብረቶች ግምት 100 ሚሊዮን ነው እንበል። የፕሮጀክቱ ክልል ሲታወጅ ይህ መነሻ ሆኖ ይቆማል። ልማቱ ሲመጣ ግምቱ 160 ሚሊዮን ቢደርስ፣ በ100 ሚሊዮኑ ላይ የሚሰበሰበው ግብር እንደቀድሞው ለትምህርት ቤቱና ለማዘጋጃ ቤቱ ይሄዳል። በ60 ሚሊዮኑ ላይ የሚገኘው ግን ለተወሰኑ ዓመታት፣ ለምሳሌ ለ20 ወይም ለ25 ዓመት፣ ለመንገዱና ለፍሳሹ የተወሰደውን የቦንድ ዕዳ ይከፍላል።

ይህ ሥልት በካሊፎርኒያ በ1952 ተጀመረ። በኋላ እዚያው ተመልሶ ችግር ሆነ፦ የመልሶ ማልማት መሥሪያ ቤቶቹ ከግዛቱ የንብረት ግብር 12 በመቶ ገደማ እስኪወስዱ ድረስ ተስፋፉ። ግዛቱ በ2011 ሕግ አውጥቶ ከ400 ያላነሱትን በሙሉ ከየካቲት 2012 መጀመሪያ ጀምሮ ዘጋቸው።

ሕጋዊ ክርክሩ የሚነሣው የት ላይ ነው? በመጀመሪያ «ያለዚህ ድጋፍ ልማቱ አይመጣም ነበር» የሚለው ላይ። ይህ ካልተረጋገጠ ለትምህርት ቤት ይደርስ የነበረ ገንዘብ ለአልሚ ስጦታ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ ሰፈሩ የተጎሳቆለ ነው የሚለው ላይ፤ ይህ ቃል ተለጥጦ ባዶ ሜዳንም የበለጸገ ገበያንም ሲያቅፍ ታይቷል። በመጨረሻ ዕድገቱ ሳይመጣ ቢቀር ዕዳውን ማን ይከፍላል የሚለው አለ። ቦንዱ በዚያ ክልል ግብር ብቻ ከተያዘ ጉዳቱ የባለቦንዱ ነው፤ ከተማው አጠቃላይ ገቢውን ካስያዘ ግን የሁሉም ግብር ከፋይ ነው። ይህ መስመር በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ላይ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ያንን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ።

ያለ ዕዳ የሚሠራ መንገድ የለም?

አለ። ሳኦ ፓውሎ ከተማ ከ2004 ጀምሮ በተወሰኑ አካባቢዎች ከመደበኛው በላይ የመገንባት መብትን በምስክር ወረቀት መልክ በጨረታ ትሸጣለች። ገንዘቡ የሚውለው እዚያው አካባቢ ላይ ብቻ ነው፣ መሠረቱም የብራዚል የ2001 የከተማ ሕግ ነው። ኮሎምቢያ በ1997 ሕጓ ፕላን በመለወጡ ከሚመጣ የመሬት ዋጋ ጭማሪ ማዘጋጃ ቤቶች ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲወስዱ ፈቅዳለች። በሆንግ ኮንግ የምድር ባቡሩ ኩባንያ ከጣቢያዎቹ በላይና ዙሪያ የማልማት መብት ያገኛል፤ ለመንግሥት የሚከፍለው ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመሬት ዋጋ ስለሆነ ጭማሪው ለግንባታው ይውላል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የጃፓን የመሬት ሽግሽግ ነው። የ1954ቱ ሕግ ባለቤቶች ተባብረው መሬታቸውን አንድ ላይ እንዲያደርጉና እንደገና እንዲከፋፈሉት ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ትንሽ መሬት ያዋጣል፤ ከፊሉ መንገድና መናፈሻ ይሆናል፣ ከፊሉ ተሸጦ የሥራውን ወጪ ይሸፍናል። የሚመለስለት ቦታ ያንሳል፣ ግን መንገድና ውኃ የደረሰው ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ማኅበር ለማቋቋም ከባለመብቶቹ ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። ትልቁ ነገር ሰዎቹ ከሰፈራቸው አለመነሣታቸው ነው።

መቼና የት ልቃወም?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፈራሽ ዝርዝር ሲለጠፍ ከመጡ ዘግይተዋል፤ ያኔ ክርክሩ ስለ ካሳ ብቻ ሆኗል። ፕላኑ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ፣ ክልሉ ሲታወጅ፣ የገንዘብ ሰነዱ ምክር ቤት ሲገባ ይገኙ። አስተያየትዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ የገባበትን ማኅተም ያለው ቅጂ ይያዙ። ብዙ ፍርድ ቤቶች በአስተዳደሩ ፊት ያልተነሣ ነጥብ አይቀበሉም፣ የይግባኝ ጊዜውም አጭር ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ቀኖች ብቻ ነው።

ከተማው ከአልሚ ጋር ሊፈራረም ነው። ምን ሰነድ ልጠይቅ?

የመሬቱን ግምት፣ ገማቹን ማን እንደቀጠረውና ግምቱ የተሠራበትን ቀን። የአልሚውን የገንዘብ ምንጭ ማረጋገጫ። የተነሺዎች ዝርዝርና ምትክ ቤቶቹ የት እንዳሉ፤ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት ተሠርተው ያልቃሉ ወይ የሚለውን ጭምር። የግብር ቅናሹን መጠንና የሚያበቃበትን ዓመት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አልሚው በተባለው ጊዜ ሥራ ካልጀመረ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ፦ መሬቱ ለማን ይመለሳል? በስንት ወር ውስጥ? አንቀጹ ከሌለ ውሉ ከመጽደቁ በፊት እንዲገባ በጽሑፍ ይጠይቁ።